«አልነጋም!»፦ ልጆች መጠበቅን እንዴት ይለማመዳሉ?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ 58 ልጆች አሉኝ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የአንዱ ክርን ሌላውን ነካ ማለት ጠብ ተነሳ ማለት ነው። በተለይ ከእረፍት መልስ፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላብና አቧራቸውን ይዘው ሲገቡ ይከብደኛል።

ድሮ እጮህ ነበር። «ዝም በሉ!» ስላቸው ዝም ይላሉ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጫጫታው ይመለሳል። አንድ ሰኔ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ጩኸቴን ማንም አልሰማኝም። ዝም ብዬ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ከፊት ያሉት አይተው አነሱ። የኋላዎቹም ተከተሉ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አንስቶ ጸጥ አለ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ ልጅ ሲጠብቅ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የማስበው ያንን «የሚሠራ ነገር» ነው።

በኩኩሉ ጀምሩ። ጨዋታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ይሉታል። ማየት እያማረው «ነጋ!» እስኪባል ይታገሣል። ራስን መግዛት ማለት ይኸው ነው፤ ልጆቻችን ሰፈር ውስጥ ሲለማመዱት ኖረዋል። እኔ ወደ ክፍል አስገባሁት። ደብተር ሲታደል «ኩኩሉ» እላለሁ። በሹክሹክታ «አልነጋም» ብለው እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ፤ እጃቸውን ዴስኩ ላይ ያሳርፋሉ። «ነጋ» ስል ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ10 ሰከንድ አታስበልጡ። ከዚያ 20፣ ከዚያ 30 እያላችሁ ጨምሩ። አንድ ደቂቃ ለመድረስ እኔ ጋ ወር ከምናምን ፈጅቷል።

«ነጋ» እላለሁ ካላችሁ ግን በሉ። ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ለትንንሽ ልጆች አንድ ጣፋጭ ሰጥተው፣ ሳትበሉ ከጠበቃችሁ ሁለተኛ ይጨመርላችኋል አሏቸው። ከዚያ በፊት አዋቂው ቃሉን ያጠፈባቸው ልጆች በአማካይ 3 ደቂቃ ያህል ነበር የጠበቁት። ቃሉን የጠበቀላቸው ግን ወደ 12 ደቂቃ ቆዩ። ስለዚህ «ጎበዝ ከሆናችሁ ውጭ እናነባለን» ብላችሁ ደወል ሲደወል የምትረሱ ከሆነ፣ ባትናገሩት ይሻላል።

ቁጣ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ልጆቼን «የሚቆላ ቡና አሽትቱ» እላቸዋለሁ፤ በአፍንጫቸው ይስባሉ። «አሁን ትኩስ ሻይ አብርዱ» ስላቸው ቀስ ብለው እፍ ይላሉ። እፍታው ከመሳቡ ረዘም ማለት አለበት፤ ልብን ቀስ የሚያደርገው ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ነው። አምስት ጊዜ ይበቃል። ይሄን ልጁ በተናደደበት ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ አታስተምሩት፣ አይሰማችሁም። ጠዋት ሁሉም ሰላም ሲሆን ይለማመዱት። እናንተም አብራችሁ አድርጉ፤ የመምህሩ ትከሻ ካልረገበ የልጆቹም አይረግብም።

ቃላትም ስጧቸው። የእኔ ልጆች ለሁሉም ነገር «ደበረኝ» ነበር የሚሉት። ሲያፍሩ ደበረኝ፣ ሲቀኑ ደበረኝ፣ ሲርባቸው ደበረኝ። አሁን ሰሌዳው ጥግ ላይ አምስት ቃል ጽፌያለሁ፦ ተናደድኩ፣ ሆዴ ባሰኝ፣ አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ ቀናሁ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ልጅ የራሱን ይመርጣል። «ሆዴ ባሰኝ» ያለ ልጅ አጽናኑኝ ማለቱ ነው። «ተናደድኩ» ያለው ትንሽ ልቀቁኝ ይላል። የምንሰጣቸው መልስም ይለያያል።

ክፍሉ ጥግ ላይ አሮጌ ሰሌን አንጥፌያለሁ። አጠገቡ አንድ እቅፍ የደረቀ ደንገል አለ፣ ያው ታንኳ የሚሠራበት። የተናደደ ልጅ ራሱ ፈልጎ ሄዶ ይቀመጣል፤ ደንገሉን ይጎነጉናል፤ ሲረጋጋ ይመለሳል። ቅጣት እንዳይመስል ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ «ሂድ ሰሌን ላይ ተቀመጥ!» ብላችሁ ከጮኻችሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንም በፈቃዱ አይሄድም። ያኮረፈ ልጅ ደግሞ መመለስ ያሳፍረዋል። «ና፣ ደብተር ሰብስብልኝ» በሉት። ሳያፍር የሚመለስበት መንገድ ይሆነዋል።

ኩርኩም፣ ጆሮ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ ይቅር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርስ? የተኮረኮመ ልጅ የሚለማመደው የእኛን እጅ መጠበቅ ነው፤ ዞር ስንል እንደገና ይማታል።

ስታመሰግኑ ያደረገውን ነገር ጥሩት። «ጎበዝ» ምን እንዳደረገ አይነግረውም። «እርሳስህን ሲቀማህ አልመታኸውም፣ መጥተህ ነገርከኝ» ስትሉት ነገም የሚደግመውን ያውቀዋል።

አምና አንድ ልጅ ነበረኝ። ጠዋት ማንም ሲነካው ይማታል። ኩኩሉውም እፍታውም አልሠራለትም፤ እኔም ተቆጥቼዋለሁ። በኋላ እናቱን አስጠራሁ። «ቲቸር፣ አባቱ ዓሣ አውጥቶ ሲመለስ ሌሊት አብሮት ተነስቶ መረብ ያጸዳል። ቁርስም አይቀምስም» አሉኝ። ለካ ልጁ እንቅልፉን አልጠገበም፣ ርቦታልም። ያንን ሳላውቅ የተቆጣሁበት ቀን አሁንም ያሳዝነኛል። ተነጋገርን። መረቡ ለቅዳሜና እሁድ ተላለፈ፤ ጠዋት ዳቦ ይዞ መምጣት ጀመረ፤ እኔ ደብተር አዳይ አደረግሁት። መማታቱ ባንድ ጊዜ አልቆመም። ግን ሰሌኑ ጋ ራሱ መሄድ ለመደ። እናንተም ዘዴው ሁሉ አልሠራ ካለ፣ መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ ጠይቁ፤ ቀጥሎ ዓይንና ጆሮው ይታይ።

እኚሁ እናት ካርድ ሊወስዱ ሲመጡ ሰሌኑ አጠገብ ያለውን የአሸዋ ሰዓት አይተው ለቤት እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ቀላል ነው። ሁለት እኩል የሃይላንድ ጠርሙስ አድርቁ። ክዳኖቹን ጀርባና ጀርባ አጣብቁና በጋለ ሚስማር መሃሉን ብሱ፤ ይሄን አዋቂ ይሥራው። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ በወንፊት ንፉ። እርጥብ ከሆነ ወይም ጠጠር ካለው ይደፈናል። አንዱን ጠርሙስ በከፊል ሙሉና ሌላውን ገልብጣችሁ ግጠሙ፤ መገጣጠሚያውን በፕላስተር ጠቅልሉ። በስልክ ሰዓት እየለካችሁ ሦስት ደቂቃ እስኪሆን አሸዋ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ልጁ ራሱ ይገልብጠው፤ አሸዋው ሲያልቅ እያየ ይጠብቃል። ቀዳዳው እየዋለ እያደረ ስለሚሰፋ አሸዋው ቶሎ ማለቅ ይጀምራል። በየወሰነ ትምህርቱ እንደገና ለኩት።