ረቂቅ አዋጅ የትኛውን ወገን እንደሚጎዳ እንዴት ይመዘናል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ለሚኖር ሰው አንድ የመሬት ወይም የካሳ አንቀጽ ኑሮን ይቀይራል። ብዙዎቻችን ግን ስለ አዋጁ የምንሰማው ከጸደቀ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ በጥቁሮችና በነጮች መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት ያሰፋል ወይስ ያጠባል የሚለውን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የሚያጠና ቢሮ አለው። እኛ ዘንድ ጥያቄው በብሔር፣ በቋንቋና በይዞታ በኩል ይመጣል። ጥናቱን ደግሞ እርስዎም ከጎረቤቶችዎ ጋር ሊሠሩት ይችላሉ።

1. ረቂቁ ከየት እንደመጣ ይለዩ። በዳርቻው የመንገዱ አንዱ ጎን አዲስ አበባ፣ ሌላው ጎን በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ ሊሆን ይችላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ ወይስ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት? አስተያየትዎ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

2. ረቂቁን ከማንበብዎ በፊት ሰዉን ይለዩ። «አርሶ አደሩ» ወይም «ነዋሪው» ብሎ በጅምላ ማሰብ ትልቁ ስህተት ነው። በወረቀት ላይ ባለ ብዙ ረድፍ ሠንጠረዥ ያስምሩ፦ የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው ባለይዞታ፣ እኩል አራሽ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ ስሟ ደብተሩ ላይ የሌለ ሚስት፣ ከግለሰብ ቤት የተከራየ ቤተሰብ፣ በመንደር ውል ገዝቶ ሕጋዊ ሰነድ የሌለው ነዋሪ። ከዚያ በየረድፉ የትኛው ብሔር፣ የትኛው ቋንቋ ተናጋሪ እንደሚበዛ ይጻፉ። አንድ ሕግ የማንንም ብሔር ስም ሳይጠራ አንዱን ወገን ለይቶ ሊጎዳ የሚችለው በዚህ በኩል ነው።

3. የትርጓሜ አንቀጹን ደጋግመው ያንብቡ። «ባለይዞታ» እና «ተነሺ» ማንን ይጨምራሉ? በትርጓሜው ያልተካተተ ሰው በኋላ ባለው ለጋስ አንቀጽ አይጠቀምም።

4. ብሩን ያስሉ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ሳይሰጠው ለሚነሳ አርሶ አደር ያለፉትን 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ይከፍል ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ የተገኘ ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። አማካይ ገቢው 60,000፣ ከፍተኛው 80,000 ብር የሆነ ሰው በፊት 600,000 ያገኝ ከነበረ በአዲሱ 1,200,000 ያገኛል ማለት ነው። ለባለ ደብተሩ ትልቅ መሻሻል ነው። እዚያው ማሳ ላይ የምርቱን እኩሌታ ሲወስድ ለኖረው እኩል አራሽስ ስንት ይደርሰዋል? ይህን ስሌት ለሁሉም ረድፍ ይሥሩ፤ ባዶ የቀረው ረድፍ ራሱ ግኝት ነው።

5. ጊዜውንና ቋንቋውን ይመልከቱ። ክፍያው ከመነሳት በፊት ነው ወይስ በኋላ? የዋጋ ንረት ባለበት አገር የዘገየ ካሳ የተቀነሰ ካሳ ነው። የአቤቱታ ቀነ ገደቡ አጭር፣ ማስታወቂያውም በአንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ቋንቋውን የማያነብ ሰው መብቱ ሳያውቀው ያልፈዋል።

6. ለቋሚ ኮሚቴው ያቅርቡ። ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ የሕዝብ ውይይት ሊጠራ ስለሚችል ሠንጠረዡን በአንድ ገጽ ያዘጋጁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰብን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል፤ ይህንኑ ይጥቀሱ። በቅሬታ ብቻ አይቁሙ፤ እንዲቀየር የሚፈልጉትን ንዑስ አንቀጽ በራስዎ ቃል እንደገና ጽፈው ከሠንጠረዡ ጋር ያያይዙ።