መጀመሪያ ሰይፍ አትግዙ፦ በላርፕ አልባሳትና ፎቶ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እዚህ ጀርመን ክረምቱ ወጥቶ መሞቅ ሲጀምር፣ ጀማሪዎች የሚልኩልኝ ፎቶ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ አልጋ ላይ የተጋደመ ሰይፍ። «ገዛሁት! አሁን ምን ልልበስ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ሰይፉ ብዙ ጊዜ ያምራል። ባለቤቱ ግን ሜዳ ላይ የሚቆመው በጂንስና በስኒከር ነው።

ለማታውቁት፣ ላርፕ ማለት ሰዎች የፈጠሩትን ገጸ ባሕርይ ለብሰው፣ ድንኳን ውስጥ እያደሩ፣ ለቀናት በአካል የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ነው። በታችኛው ሳክሶኒ ብሮክሎህ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚካሄደው ኮንክዌስት ኦፍ ሚቶዴያና በሄሰን ዲመልሽታት የሚደረገው ድራኸንፌስት በሺዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች የሚሰበሰቡባቸው ናቸው። ተመልካች የለም፤ ሁሉም ለብሶ ይገባል። ሀገር ቤት ለቴአትርና ለክሊፕ ልብስ የምታሰናዱም ከዚህ የምትወስዱት አይጠፋም።

ከሰይፍ መጀመር

ሰይፍ የሚያውስ ቡድን ሞልቷል። በልካችሁ ጫማ የሚያውስ ግን የለም። ስለዚህ ጫማ፣ ቀበቶ፣ እጀ ጠባብ፣ ካባ፣ ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያ። አዲስ ቡትስ ደግሞ ሜዳ ከመውረዱ በፊት ቤት ውስጥ ይለበስ፣ ገበያ ይወጣበት። በሁለተኛው ቀን ተረከዙ ተልጦ ድንኳን ውስጥ ተኝቶ የሚውል ጀግና በየዓመቱ አይጠፋም።

ከፌስታል ወጥቶ ገላ ላይ

የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሰውየው አሥር ዓመት በረሃ ለበረሃ የተንከራተተ ሽፍታ ነኝ ይላል። ሱሪው ላይ ግን ተጣጥፎ የመጣበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጉልበቱ አልሳሳም፣ እጅጌው አልቆሸሸም፣ ቀበቶው ያብረቀርቃል። ሚዜ እንጂ ሽፍታ አይመስልም! በዓይን ሲያዩት ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ ካሜራ ግን አያልፍም። እጥፋት በጎን ብርሃን ሲመታ ፎቶው ላይ ከፊቱ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

«አስረጁት» ስላቸው ደግሞ ልብሱን በሙሉ ሻይ የተፈላበት ባልዲ ውስጥ ነክረው ያመጡታል። ሁለመናው አንድ ዓይነት ቡኒ ሆኖ ይወጣል፤ አሁንም አዲስ ልብስ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተለወጠ። ልብስ እኩል አያረጅም። የሚያረጀው የተነካበትና የተፈተገበት ቦታ ነው፤ አንገትጌው፣ የእጅጌው አፍ፣ ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ መሬት የሚጠርገው ጠርዝ፣ እጅ የሚገባበት የኮረጆ አፍ። ቀኝ እጁ የሚቀናው ተዋጊ ሰይፉን በግራ ጎኑ ስለሚያንጠለጥል የሚፈተገው የግራ ዳሌው ነው። ብረት ቀጥቃጭ ከሆነ ፍንጣሪ የበሳሳው ሽርጡ ፊት ለፊት እንጂ ጀርባው ላይ አይሆንም። ባለፈው ክረምት አንዱ ጀርባው የተበሳሳ ሽርጥ ይዞልኝ መጣ። «ወደ ኋላ ዞረህ ነው እንዴ የምትቀጠቅጠው?» አልኩት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ ይታጠባል፤ አዲስ ጨርቅ ላይ ያለው ማጠንከሪያ ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። ከዚያ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ፣ ታስሮ፣ ወፈር ያለ ሻይ ውስጥ ይነከራል፤ የተጠመዘዘው ሲፈታ አንዱ ቦታ ይጠቁራል፣ ሌላው ይቀላል። ገና እርጥብ ሳለ ኪሱና ኮረጆው ውስጥ ድንጋይ ይገባና ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ዕቃ ሲሸከም እንደኖረ ይረግባል። ጉልበቱና ክርኑ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። በመጨረሻ በውሃ የቀጠነ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም ስፌቱ ላይ ይቀባና ሳይደርቅ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ስፌቱ ውስጥ የቀረው ብቻ እንደ ዓመታት እድፍ ይታያል። ቀበቶውን ዘይት ቀቡት፣ እጠፉት፣ ዘርጉት፣ እንደገና እጠፉት። ይኼ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ከሚያምር ሰይፍ ይበልጥ ፎቶውን ይለውጠዋል።

መኳንንት የሚጫወት ሰው ልብሱ ንጹሕ ቢሆን አልቃወምም። የመኳንንትም ጫማ ግን ጭቃ ይነካዋል።

ፖሊስተር እሳት ዳር

ማታ ማታ ሁሉም የሚሰበሰበው እሳት ዳር ነው። አንድ ልጅ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ የፖሊስተር ጨርቅ ካባ አድርጎ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠ። ግንዱ ሲፈነዳ ፍንጣሪው ትከሻው ላይ አረፈ፤ ካባው ቀልጦ ከውስጥ እጀ ጠባቡ ጋር ተጣበቀ። ወፍራም እጀ ጠባብ ባይለብስ ኖሮ የሚጣበቀው ከቆዳው ጋር ነበር።

የጨርቁን ዓይነት ካላወቃችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱት። ቀልጦ እንደ ጠጣር ዶቃ ከተኮማተረ ሰው ሠራሽ ነው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሱፍ ነው፤ ሱፍ ፍንጣሪ ቢያርፍበት ይጠቁራል እንጂ በቀላሉ አይቀጣጠልም። እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ወይም ሊነን ነው። ጋቢም እዚህ ውስጥ ይገባል፦ አይቀልጥም፣ ግን ይነዳል። ለእሳት ዳር የመንዝ በርኖስ የመሰለ ነገር አላየሁም፤ ሱፍ ነው፣ ይከብዳል፣ ዝናብም ይችላል።

ከፎም የሚሠራ ጥሩር

ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ ይቀባል፤ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው ጠብቃችሁ ነው የምታጋጥሙት። መስኮት ክፈቱ። ፎሙን በሙቅ አየር ሳታትሙ፣ የሚታጠፍ መሠረት ቀለምም ሳትደርቡ ብትቀቡት ቀለሙ ተስቦ ይገባል፣ ከዚያም ይሰነጣጠቃል። ላዩ በላቴክስ ጎማ የተሸፈነው የጨዋታ ሰይፍ በሲሊኮን ስፕሬይ እንጂ በማሽን ዘይት አይወለወልም፤ ዘይት ላቴክስን ይበላዋል። ጫፉ ላይ ተደግፋችሁም አትቁሙ።

ጆሮና የቆዳ ቀለም

ኤልፍ የሚባለው የተረት ፍጡር ሹል ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በነጭ ሰው ቆዳ ልክ ቀለም ተቀብቶ ነው። ሐበሻ ልጆች ገዝተው እንዳለ ያጠልቁትና ፎቶ ላይ ሮዝ ጆሮ ከጠይም ፊት ጋር ይወጣል። ያልተቀባውን ግዙ፤ ለላቴክስ በሚሆን ቀለም ራሳችሁ ቀቡት። የራሳችሁን ጆሮ በመስታወት እዩ፤ ጠርዙ ከፊታችሁ ይጠቁራል ወይስ ይቀላል? እንደዚያው አድርጉት። ማጣበቂያው ለፊት የሚሠራው ማስቲክስ ነው፤ የጫማ ማስቲሽ ገላ አይነካም። ላቴክስ የማይስማማው ሰው ስላለ ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ሞክሩት።

በተቃራኒው «ከደቡብ ምድር የመጣሁ ነኝ» ለማለት ፊታቸውን ቡናማ የሚቀቡ አሉ። አታድርጉት። የሌላ ዓለም ፍጡር መሆን ከፈለጋችሁ ሐምራዊ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ አለላችሁ። የእኔ ቀለም ተቀብቶ የሚታጠብ አልባስ አይደለም።

ያለንን ሁሉ መደርደር

የእኛ ልጆች ስህተት ደግሞ ከጓዳ የተገኘውን ሁሉ አንድ ገላ ላይ መጫን ነው። ለምድ፣ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ባለ ጥበብ ቀሚስ፣ ከዚያ ላይ የወርቅ ዘውድ! አንዱን ምረጡና ቀሪውን ዝም ያለ ጨርቅ አድርጉት። የካህን ልብስና የእጅ መስቀል ለጨዋታ አይወጣም፤ ይኼን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። ነጠላ ለጀርመን ጓደኛ ስታውሱም አለባበሱን አሳዩ። አንዷ የጨዋታ ሠርግ ላይ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ለቅሶ እንደሚደረስ አጣፍታ መጣች። ሙሽራዋ ምንም አላወቀችም፤ እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ነጭ ነጠላ፣ የጠፋ ፊት

ፎቶ ላይ በጣም የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው፤ ሠርግ ላይም አየዋለሁ። ካሜራ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ፍሬሙን ነጭ ነጠላ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ዓይኑ እንኳ እስከማይለይ ይጠቁራል። ጥቁር ካባ ሲሞላው በተቃራኒው ያበራዋል፣ ካባው ይገረጣል። ከዚያ ባለፎቶው «አንቺ ፎቶ አይወጣልሽም» ይላል! ያልወጣለት እሱ ነው።

ብርሃኑ የሚለካው ከፊት ላይ ነው። በስልክ ከሆነ ፊቱን ነክታችሁ የምትወጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ጎትቱ። በካሜራ ከሆነ ነጥብ ልኬት (ስፖት ሜተሪንግ) ፊቱ ላይ፣ ወይም የብርሃን ማካካሻውን ነጭ ሲበዛ ከ0.7 እስከ 1 ከፍ አድርጉ። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ይኼን ስታደርጉ ነጠላው ይቃጠላል፣ ሽመናው ይጠፋል፤ ስለዚህ ሰውየውን ወደ ዛፍ ጥላ ውሰዱት። ኮፍያ ያለው ካባ የለበሰ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጋቢ እግሩ ሥር ሣሩ ላይ ዘርጉ፤ ከታች የሚያንጸባርቀው ብርሃን ኮፍያው ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ያወጣዋል። ውድ አንጸባራቂ መግዛት አያስፈልግም።

ሰዓቱም አለ። አዲስ አበባ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያለችው ወርቃማ ብርሃን ብልጭ ብላ ትጠፋለች። እዚህ በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፤ ወደ ጎን እያዘመመች ስለምትወርድ ብርሃኑ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቀትር ላይ ተሰልፎ ፎቶ መነሣት ምን ይሉታል?

ስልኩን ፊት ላይ አስጠግታችሁ አታንሡ፣ አፍንጫ ያገዝፋል፤ ወደ ኋላ ሄዳችሁ 2 እጥፍ አቅርቡ። ለፍልሚያ የሹተሩ ፍጥነት ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ይሁን። ከማንሣታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ፦ ሰማያዊው የፕላስቲክ ሽንት ቤት የስንቱን ንጉሥ ፎቶ አበላሽቷል። የእጅ ሰዓት ይውለቅ።

ሳያስፈቅዱ መለጠፍ

ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ያለ ሕግ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ የሰውን ምስል ያለፈቃዱ ማሰራጨትን ይከለክላል። ሌሊት ለብሶ የሚዋጋው ሰው ቀን የባንክ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በጨዋታ መካከል ደግሞ ካሜራ ይዞ ዘው አይባልም፤ ትዕይንቱ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ጠይቁ።

ስትመለሱ ልብሱን በዚያው ቀን ከሻንጣ አውጥታችሁ ስቀሉት፤ እርጥብ ሱፍና ቆዳ ይሻግታል። ጆሮዎቹን ከማጣበቂያው አጽዱና ታልክ ዱቄት ነስንሳችሁ ፀሐይ የማይነካው ቦታ አስቀምጡ።