የማርሽ እጀታው መሪ ላይ የሆነ አሮጌ ፒክአፕ ማርሽ አልገባ ሲል

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከተሠሩት ፒክአፖች ብዙዎቹ፣ ባለ ሦስት ማርሹን ላንድክሩዘር ኤፍጄ 45ንና ባለ አራት ማርሹን ፔጆ 404 ጨምሮ፣ የማርሽ እጀታቸው ወለሉ ላይ ሳይሆን ከመሪው ሥር የተገጠመ ነው። በእነዚህ መኪኖች ማርሽ አልገባ ሲል ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ሐሳብ «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ እጀታውን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኙት ዘንጎችና ቡሺንጎች (በመገናኛዎቹ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡት ቀለበቶች) በሙሉ ሳይታዩ ካምቢዮ ማውረድ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው፤ እነዚህ ክፍሎች ከካምቢዮው ውጭ ስለሆኑ በአንድ ፋኖስና በጥቂት ቁልፎች ሊመረመሩ ይችላሉ።

በቅድሚያ ጥፋቱ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ክፍል) አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሾች በቀላሉ እየገቡ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን የሚንጫጩ ወይም አልገባም የሚሉ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ፍሪሲዮኑ ጨርሶ ባለመልቀቁ ላይ ነውና እጀታውን መነካካት አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ካልገባ፣ እጀታው ወዲያና ወዲህ ከላላ ወይም በሁለት ማርሾች መካከል ከተቀረቀረ ግን ወደ ዘንጎቹ መሄድ ነው።

ባለ ሦስት ማርሹ ላይ ከመሪው ጎን የሚወርደው ዘንግ ጫፍ ላይ ሁለት አጫጭር ክንዶች ተደራርበው ይገኛሉ። አንደኛው አንደኛ ማርሽንና የኋላ ማርሽን፣ ሌላው ሁለተኛንና ሦስተኛን ያንቀሳቅሳል። እጀታው ወደ አሽከርካሪው ሲሳብ ወይም ሲለቀቅ፣ ከዘንጉ ጋር የተያያዘ አነስተኛ ጥርስ ከአንዱ ክንድ ስንጥቅ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ቡሺንጎቹ አልቀው ሁለቱ ስንጥቆች ትይዩ መሆናቸው ሲቀር፣ ጥርሱ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ክንዶች ይይዝና እጀታው ይቆማል። ይህ በሜዳ ላይ ቢያበሳጭ እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ ጭነት ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ ግን ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት አለመቻል ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል፤ ፍሬን ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል። እንዲህ ያለ ነገር ከተከሰተ መኪናውን በጊዜ ዳር ይዞ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ጎማውን በታኮ መደገፍና ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከጋለው የጭስ ማውጫ እጅን እየጠበቁ፣ ሁለቱን ክንዶች በእጅ ገፍቶ ትይዩ ማድረግ ይቻላል። ይህ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ያህል እንጂ ጥገና አይደለም።

ለምርመራው ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል። አንዱ ካቢና ውስጥ እጀታውን ቀስ ብሎ ያንቀሳቅስ፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን መገናኛ ይመልከት። እጀታው ተንቀሳቅሶ ዘንጉ ገና ካልተንቀሳቀሰ ያ ቦታ አልቋል ማለት ነው። ኮፒሊያው (ዘንጉ እንዳይወጣ የሚይዘው ትንሽ ሽቦ) ተነቅሎ ዘንጉ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ክብ የነበረው ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን ረዝሞ የእንቁላል ቅርጽ ይዞ ይታያል፤ የጎማው ወይም የፕላስቲኩ ቡሺንግ ደግሞ ተሰባብሮ ከጥቁር ግራሶ ጋር ይወርዳል።

አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ሽቦ ጠምጥሞ ወይም የካላማዳሪ ቁራጭ ሰክቶ ይለቀዋል፤ እኔ አልመክረውም፤ አስፋልቱ እስኪያልቅ እንኳ ላይቆይ ይችላል። ለአሮጌ መኪና ዋናው ቡሺንግ ገበያ ላይ ባይገኝ በቀዳዳው የሚያልፈውን ፒን ይዞ ቶርኖ ቤት መሄድና ከነሐስ ወይም ከቴፍሎን ማስቀረጽ ይቻላል። ረዝሞ የተበላውን ቀዳዳ አስቀድሞ በክቡ ማስፋት፣ ልኩንም መውሰድ ከዚያ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱ ቡሺንግ በተጣመመ ቀዳዳ ይገባል። የተበላ ስንጥቅ በብየዳ ተሞልቶ በሞረድ ሊስተካከል ይችላል፤ ብየዳው ግን ክንዱ ከመኪናው ወጥቶ ቢሠራ ይመረጣል።

ማስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዘንጎቹ ማስተካከያ ዳዶዎች ከላሉ በኋላ ካምቢዮው ጎን ያሉት ሁለት ክንዶች ኒውትራል ላይ ይደረጋሉ፤ ኒውትራል ሦስቱ ቦታዎች «ቀጭ» እያሉ ሲያዙ መካከለኛው ነው። ከመሪው ጎን በሚወርደው ዘንግ ጫፍ ያሉት ላይኞቹ ክንዶች የማስተካከያ ቀዳዳ ካላቸው ቀዳዳውን የሚሞላ ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱም ውስጥ አሳልፎ ማሰር፣ ከሌላቸው ስንጥቆቹን በዓይን ትይዩ ማድረግ ይገባል። ዳዶዎቹ የሚጠብቁት ዘንጉ ሳይገፋና ሳይሳብ ባለበት ነው፤ ብረቱ ከወጣ በኋላ እጀታው በኒውትራል ላይ ያለ ምንም መያዝ መሳብና መለቀቅ አለበት። ባለ አራት ማርሽ ላይ አንደኛው ዘንግ መስመር ይመርጣል፣ ሌላው ማርሹን ያስገባል፤ ስለዚህ የኋላ ማርሽ ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ የሚታየው መራጩ ዘንግ ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ ችግሩ ከተመለሰ የሞተር መቀመጫ ጎማዎች ይታዩ፤ ሞተሩ ሲዘቀዝቅ ካምቢዮው አብሮት ስለሚሄድ የዘንጎቹ ልክ ይበላሻል። ግራሶም ከመጠን በላይ አያስፈልግም፤ በጠጠር መንገድ ለሚሠራ መኪና ከሥር የተለጠፈ ግራሶ አቧራ ይዞ አዲሱን ቡሺንግ መልሶ ይበላዋል። ሙከራው ባዶ መኪና ይዞ በሜዳ ላይ ይሁን፤ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላም ዳዶዎቹ እንዳልላሉ በቁልፍ እንደገና ይፈተሹ።