ለድሬና ለሐረር መንገድ የጉዞ ሞተር ስትመርጥ

ሞተር ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሲሲ፣ ማለትም የሞተሩን መጠን ነው። «ስንት ሲሲ ይሻለኛል?» ተው አቦ፣ መጀመሪያ መንገዱን ንገረኝ። ብቻህን ነህ ወይስ ከኋላ ሰው አለ? አስፋልት ብቻ ነው ወይስ ፒስታም ትገባለህ? እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ በመሃላቸው ያለው መንገድ ግን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ዳገቱም አብዛኛው ደንገጎ ላይ ተጠቅልሎ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሁለቴ ዞር ብለህ ሞተር አትግዛ። ባለቤቱን አስፈቅድ፣ ሰው ከኋላ አስቀምጥ፣ ሻንጣ ጫን፣ ከዚያ ደንገጎን ወጥተህ ውረድ።

አየሩ ከፍ ባልክ ቁጥር ይሳሳል፤ ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አስር በመቶ ያህል ያጣል። በ150 ሲሲ ሁለት ሆናችሁ ስትወጡ፣ ማርሽ ቀንሰህ ጋዙን ሙሉ ሰጥተህም የማይጎትት ከሆነ፣ ጭነቱን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጫት አይሱዙ ከኋላ ክላክሱን እያንባረቀ ሲደርስብህ ዳር ከመያዝ በቀር ምርጫ የለህም። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ከሆነ፣ ላይ ስትደርስ ሞተሩ በረድ ይበልና ካንዴላውን ፍታው። ጥቀርሻ ለብሶ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ እንዲህ ያደርገዋል። ቡኒ ከሆነ ደህና ነው። ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጨው ኢንጀክሽን ይህን ራሱ ያስተካክላል፣ ግን እሱም ጣጣ አለው። ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው አንዳንዴ ውሃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። ካርቡሬተር ከሆነ እዚያው ፈትተህ ታጥበዋለህ። ኢንጀክተር ከተደፈነ ግን ፒክአፕ መፈለግህ ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ ይናገራል። ታምቡር ፍሬን ቶሎ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። እጀታውን ስትጨብጠው ከወትሮው ይበልጥ እየገባ ከመጣ፣ የተቃጠለ ሽታም ከሸተተህ፣ ያ ሞተር ከነጭነትህ ለዚህ መንገድ አይሆንም። ከፊትም ከኋላም ዲስክ ያለውን ፈልግ። ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝህ አድርግ እንጂ ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ማርሽ አውጥተህ በፎሌ እንዳትወርድ።

አሁን ወደ ምርጫው እንሂድ። ጉዞህ ቅዳሜና እሁድ ከድሬ ሐረር፣ ሲመችህም ቁልቢ ድረስ ከሆነ፣ ብቻህንም ከሆንክ፣ ቦክሰር 150ም ይበቃሃል። ሰው ይናቀዋል፣ ግን 11 ሊትር ታንኩ ሩቅ ያደርስሃል፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ታምቡር ስለሆነ ሰው ከኋላ የምትጭን ከሆነ ግን ተወው። ሚስትህን ወይም ጓደኛህን ይዘህ የምትሄድ ከሆነ ከ400 ሲሲ ጀምር። እኔ ብጠየቅ ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያንን እመርጣለሁ። የድሮው 411 ሲሲ ፈጣን አይደለም፣ ጉልበቱ 24 ፈረስ ገደማ ነው፤ ግን ከታች ጀምሮ በደንብ ይጎትታል፣ ወንበሩ 800 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው መሬት ይረግጣል፣ ታንኩም 15 ሊትር ይይዛል።

ከሐረር ወደ ባቢሌና ጅግጅጋ የምትሄድ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደንገጎ ጋር ሲተያይ ጥምዝምዙ ያንሳል፣ ንፋስ አለ፣ ግመልም ሳይታሰብ አስፋልቱ መሃል ይቆማል። እዚህ የንፋስ መከላከያ መስታወትና ጥሩ ፍሬን ከጉልበት ይበልጣሉ፤ ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ካለውማ እሰየው። ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ ለእንዲህ ያለ አስፋልት ተስማሚ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን እነዳለሁ ካልክ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሳትወርድ ሁለት ሰዓት ተቀምጠህ ሞክረው፣ መቀመጫህ እውነቱን ይነግርሃል።

ከአስፋልት ወጥተህ ፒስታ ወይም ኮረኮንች የምትገባ ከሆነ የፊት ጎማውን ቁጥር እይ። 21 ኢንች ድንጋይና ጉድጓድ ላይ በቀላሉ ይረማመዳል፣ 17 ኢንች አስፋልት ላይ ቶሎ ይጠማዘዛል፣ 19 በመሃል ነው። ያማሃ ቴኔሬ 700 ባለ 21 ነው፣ ጎበዝ ሞተር ነው፣ ግን ወንበሩ 875 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አጭር ሰው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲቆም ይፈተናል። የውስጥ ጎማ ያለው ቸርኬ አትጥላ፤ የትም ያለ ጎሚስታ ይለጥፈዋል።

ትልልቆቹስ? ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ 249 ኪሎ ይመዝናል፣ ካቴና የለውም፣ በአክሰስ፣ ማለትም የኋላ ጎማውን በሚያዞር የብረት ዘንግ ነው የሚሄደው፣ እንደ ካቴና በየጊዜው ቅባት አይፈልግም፣ አቧራም አይበላውም። ድንቅ ነው። ግን አሸዋ ላይ ሲወድቅ ብቻህን አንሳው እስቲ። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ደግሞ 1,833 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ የኋላ ማርሽ ሳይቀር አለው፤ ከ350 ኪሎ በላይ ነው። ለረጅምና ለሰፊ አስፋልት የተሠራ ሶፋ ነው። ድሬ ሙቀት ውስጥ፣ ባጃጅ መሃል ተጣብቆ፣ እግርህን ሲያቃጥልህ ያኔ ታስታውሰኛለህ። ጀጎል ውስጥ ደግሞ የጎን ሳጥን ያለው ሞተር ይዘህ ከገባህ ግድግዳውን እየፋቅክ ነው የምትወጣው። ሐረር የምትኖር ከሆነ የሚነቀል የጨርቅ ሻንጣ ግዛ።

ሻንጣ ካነሳን፣ ከባዱን ነገር ወደ ታችና ወደ መሃል አድርገው፣ ቀላሉን ላይ። ከኋላ ሳጥን ውስጥ ውሃና መፍቻ አጭቀህ ደንገጎን ስትወጣ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው መንሳፈፍ ይጀምራል።

ከመክፈልህ በፊት አንድ ቀን መለዋወጫ ቤት ዙር። የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ አለ ወይ? ስንት ነው? «ከውጭ ይመጣል» ካሉህ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቅና የመጠባበቂያውን ዋጋ በሞተሩ ዋጋ ላይ ደምረው። ሁለት ሞተር መካከል ካመነታህ ገመዱና ሸራው ድሬ ወይም ሐረር ውስጥ የሚገኝለትን ውሰድ።