አረንጓዴው ስለጠፋ ብቻ ባክቴሪያው ተፈጨ አትበሉ

አዲስ ተማሪ ሁሌ ይሄንን የማይክሮስኮፕ ቪዲዮ ይዞ ይመጣል፣ ማክሮፋጁ (ጀርም የሚውጠው የመከላከያ ሴል) ጂኤፍፒ የተባለው ፕሮቲን አረንጓዴ የሚያበራውን ባክቴሪያ ይውጠዋል፣ ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴው ይጠፋል፣ "ይኸው ፈጨው!" ይላል። ኧረ በፍጹም እንዲህ አትቸኩሉ! ፋጎሶሙ (ባክቴሪያው የተዋጠበት ከረጢት) ከላይሶሶም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ጋር ሲዋሃድ ውስጡ አሲድ ይሆናል፣ ፒኤቹ ወደ 5 ገደማ ይወርዳል፣ ኢጂኤፍፒ (የተሻሻለው ጂኤፍፒ) ደግሞ ገና 6 አካባቢ ላይ ብርሃኑን በግማሽ ያጣል፣ ስለዚህ ባክቴሪያው ምንም ሳይሆን በሕይወት እያለ ከስክሪኑ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ኤምቼሪ (ቀይ የሚያበራ ፕሮቲን) ስትጠቀሙ ደግሞ ስህተቱ ይገለበጣል፣ አሲዱንም ኢንዛይሙንም ስለሚቋቋም ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ቀዩ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ እናንተም "አልሞተም" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። መጨረሻ ላይ አሞኒየም ክሎራይድ ጨምሩበትና ፒኤቹን ከፍ አድርጉት፣ አረንጓዴው ተመልሶ ቦግ ካለ ጂኤፍፒው አልተፈጨም ነበር ማለት ነው። ሞቷል አልሞተም የሚለውን ግን ማክሮፋጁን አፍርጣችሁ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፕሌት ላይ ዘርታችሁ ኮሎኒ (ከሕያው ባክቴሪያ የሚበቅለውን ክምችት) ቁጠሩ፣ ሌላ አቋራጭ አትፈልጉ።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ ላምፕ1 (ላይሶሶም መዋሃዱን ለማየት የሚቀለም የላይሶሶም ሽፋን ፕሮቲን) ላይ ነው። ላምፕ1 ያለው የፋጎሶሙ ሽፋን ላይ ስለሆነ በደንብ ሲሳካ የሚታየው ባክቴሪያውን የከበበ ቀለበት ነው፣ መሃሉ ጨለማ። ሰው ግን ምስሉን ሶፍትዌር ውስጥ ይከትና የሁለቱ ቀለም መደራረብ ዝቅተኛ ነው ብሎ "ላይሶሶም አልተዋሃደም" ይላል፣ ቀለበቱ እዛው ዓይኑ ስር እያለ! በባክቴሪያው ላይ መስመር አቋርጡና የብርሃኑን ግራፍ እዩት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታ፣ መሃል ላይ የባክቴሪያው።

ማክሮፋጁ ላይ የተለጠፈውን እንደተዋጠ አትቁጠሩ። አንቲቦዲ ወደ ውስጥ እንዲገባ የሴሉን ሽፋን ከመብሳታችሁ በፊት ባክቴሪያውን የሚይዝ አንቲቦዲ በሌላ ቀለም ጨምሩ፣ እሱ የነካው ውጭ ነው ያለው።

ላይሶትራከር (አሲዳማ ከረጢቶችን የሚያበራ ቀለም) ለሕያው ሴል ነው፣ ፊክስ አድርጋችሁ (ሴሉን በኬሚካል ባለበት አቁማችሁ) ከበሳችሁት ታጥቦ ይሄዳል።

መዋጡን ለሁሉም እኩል አስጀምሩ እባካችሁ፣ ባክቴሪያውን ከማክሮፋጁ ጋር በበረዶ ላይ አጣብቃችሁ፣ አጥባችሁ፣ ከዛ ወደ 37 ዲግሪ። አለበለዚያ "30 ደቂቃ" ያላችሁት ውስጥ አሁን የተዋጠም ቀድሞ የተዋጠም ይቀላቀላል።

ለአንድ ማክሮፋጅ 100 ባክቴሪያ አትጨምሩ፣ በ5 ወይም በ10 ጀምሩ። ሌዘሩንም ቀንሱት፣ ሴሉ አረፋ አረፋ ማውጣት ከጀመረ እየገደላችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ስትቆጥሩ ደግሞ የትኛው ናሙና መድሃኒት ያገኘ፣ የትኛው ያላገኘ እንደሆነ እንዳታውቁ የፋይሎቹን ስም ሌላ ሰው ይቀይርላችሁ።