ኢ-ሪደሩን ስትሰኩት መጻሕፍቱ በራሳቸው እንዲገቡ ማድረግ

አዲስ ኢ-ቡክ በተገኘ ቁጥር ኢ-ሪደሩን (የኢ-ቡክ ማንበቢያ መሣሪያውን) ኮምፒውተር ላይ መሰካት፣ ፎልደር መክፈት፣ የትኛው ገብቷል የትኛው ቀርቷል እያሉ ማጣራት ያሰለቻል። አንዴ ጊዜ ሰጥታችሁ ካስተካከላችሁት ግን ከዚያ በኋላ የእናንተ ሥራ ገመዱን መሰካት ብቻ ይሆናል።

የሚያስፈልጉት ሁለት ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ኢ-ቡኮችን የሚያደራጀው ካሊበር እና ፎልደሮችን የሚያመሳስለው ፍሪፋይልሲንክ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ይሠራሉ። ካሊበር ብቻውን ለምን አይበቃም? ኢ-ሪደሩ ሲሰካ ካሊበር ወዲያው ያውቀዋል፤ መጽሐፍ የሚልከው ግን እናንተ ስታዙት ነው። ሳይታዘዝ እንዲልክ ማድረግ የሚቻለው ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ዜና ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተራችሁ ላይ አንድ ባዶ ፎልደር ክፈቱ። "ለንባብ" በሉት። ወደ ኢ-ሪደሩ የሚሄደው እዚህ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

"የካሊበርን ላይብረሪ ፎልደር በቀጥታ ባገናኘውስ?" ትሉ ይሆናል። አይመከርም። እዚያ ውስጥ ከመጽሐፉ ጎን የሽፋን ምስልና ሌሎች ፋይሎች አሉ። ዋናው ችግር ግን ይህ አይደለም። ካሊበር ውስጥ የደራሲ ስም ወይም ርዕስ ስታርሙ እርማቱ የሚመዘገበው በካሊበር መዝገብ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ፋይል ውስጥ ወዲያው አይገባም። ፋይሉን ከላይብረሪው አንስታችሁ ብትገለብጡ ኢ-ሪደሩ ላይ የምታዩት ያው የድሮውን የተሳሳተ ስም ነው። "ሴቭ ቱ ዲስክ" በሚለው ቁልፍ ስታወጡት ግን እርማቱ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይወጣል።

ስለዚህ ካሊበር ላይ "ፕሪፈረንስስ" ውስጥ ግቡና መጻሕፍትን ዲስክ ላይ ስለማስቀመጥ የሚለውን ክፈቱ። ሽፋኑን ለብቻው እና ኦፒኤፍ ፋይሉን (የመጽሐፉን መረጃ የሚይዘውን) ለብቻው አስቀምጥ የሚሉትን ምልክቶች አጥፉ። ከዚያ የምትፈልጓቸውን መጻሕፍት መርጣችሁ "ሴቭ ቱ ዲስክ" ዝርዝር ውስጥ አንድ ፎርማት ብቻ በአንድ ፎልደር የሚለውን ተጫኑና "ለንባብ" ውስጥ አስቀምጡ። ኢ-ሪደራችሁ ኮቦ ከሆነ ኢፐብ የሚባለው ፎርማት ጥሩ ነው። ኪንድል ግን በገመድ የገባ ኢፐብ አይከፍትም፤ ቀድማችሁ ካሊበር ላይ ወደ ኤዜድዳብልዩ3 (AZW3) ፎርማት ቀይሩት።

አሁን ኢ-ሪደሩን ሰኩ። ኮቦ ከሆነ ስክሪኑ ላይ "ኮኔክት" የሚለውን ንኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ካልታየ ገመዱን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች ሞልተዋል። ሲከፈት ውስጡ አንድ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። ኪንድል ላይ ፎልደሩ "ዶክዩመንትስ" ውስጥ ይሁን።

ፍሪፋይልሲንክን ክፈቱ። በግራ "ለንባብ"ን፣ በቀኝ ኢ-ሪደሩ ላይ የፈጠራችሁትን ፎልደር አስገቡ። ዊንዶውስ የሰካችሁትን ዕቃ ዛሬ "ኢ" ነገ "ኤፍ" ሊለው ስለሚችል አድራሻውን በፊደሉ ሳይሆን በዲስኩ ስም ምረጡ። ኮቦ "ኮቦኢሪደር" በሚል ስም ይታያል።

ቀጥሎ ያለው ምርጫ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማመሳሰያው ዓይነት "ሚረር" ከሆነ በግራ የሌለ ነገር ሁሉ ከቀኝ ይጠፋል። ተሳስታችሁ በቀኝ በኩል የኢ-ሪደሩን ዋና ፎልደር ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው። ኮቦ የት ገጽ ላይ እንደቆማችሁና ያሰመራችሁበትን የሚይዘው እዚያው በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። ኪንድልም ያሰመራችሁበትን "ማይ ክሊፒንግስ" በሚል ፋይል "ዶክዩመንትስ" ውስጥ ያስቀምጣል። የዓመታት ማስታወሻ በአንድ ጠቅታ ሊጠረግ ይችላል። እኔ "አፕዴት" የሚለውን ብቻ ነው የምመክረው። አዲስና የተሻሻለ ፋይል ይገለብጣል፤ ከ"ለንባብ" ያወጣችሁትን መጽሐፍ ግን ኢ-ሪደሩ ላይ አይነካውም። አንብባችሁ የጨረሳችሁትን ራሳችሁ አጥፉ። ማሽን የሚጨምር እንጂ የሚያጠፋ መሆን የለበትም።

አንዴ "ኮምፔር" ብላችሁ የሚገለበጡትን አይታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ቅንብሩን እንደ "ባች ጆብ" (በሌላ ጊዜ ሳትነኩት ራሱ የሚሠራ ሥራ) አስቀምጡት፤ ሲጨርስ ራሱን እንዲዘጋም እዘዙት።

የቀረው አውቶማቲክ ማድረጉ ነው። ከፍሪፋይልሲንክ ጋር አብሮ የሚጫን "ሪያልታይምሲንክ" የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ያስቀመጣችሁትን ባች ጆብ በእሱ ክፈቱና "ስታርት" በሉ። ከዚያ ኢ-ሪደሩ እስኪሰካ ድረስ ከጀርባ ሆኖ ይጠብቃል። ፎልደሩ ብቅ ሲል ጥቂት ሴኮንዶች ቆይቶ ሥራውን ይጀምራል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲነሳ ቅንብሩን አስቀምጡና ዊንዶውስ ላይ አቋራጩን "ስታርትአፕ" ፎልደር ውስጥ አድርጉት።

ገልብጦ ሲጨርስ ገመዱን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፤ መጀመሪያ "ኢጀክት" በሉ። ኮቦ አዲሶቹን መጻሕፍት ወደ ዝርዝሩ የሚያስገባው ከኮምፒውተሩ ከተላቀቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ካላያችኋቸው ትንሽ ታገሡት።

በ2024 የወጡት አዳዲስ ኪንድሎች እንደ ፍላሽ አይታዩም፤ ኤምቲፒ በሚባል ሌላ መንገድ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ ይህ ዘዴ ለእነሱ አይሆንም። ካሊበር ግን ኤምቲፒን ስለሚያውቅ መጻሕፍቱን መርጣችሁ "ሴንድ ቱ ዲቫይስ" በሉ።