የክረምት የንባብ ሥራ አሰጣጥ፦ ለጅማ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራን

የክረምት የንባብ ሥራ መሠረቱ የሚጣለው ተማሪው ግቢውን ለቆ ሳይሄድ፣ በሰኔ ወር ነው። በጅማ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች የዓመቱ ፈተና እንዳበቃ ወደ ሰቃ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰርቦና ወደ ዴዶ ስለሚበተኑ፣ በእጃቸው መጽሐፍ ሳይዙ የሄዱትን በሐምሌ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መጽሐፉ ከፈተናው በፊት ይታደል። ቅጂው የማይበቃ ከሆነ ተማሪዎቹን በክፍላቸው ሳይሆን በሚሄዱበት አቅጣጫ ማቧደን ይሻላል፤ የአንድ ሰፈር ሦስት ልጆች አንዱን ቅጂ በየተራ ሊቀባበሉት ይችላሉ። የጅማ ክረምት ዝናቡ ብርቱ ስለሆነ መጽሐፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሰጣቸው።

የመጽሐፉ መጠን ለልጁ አቅም የሚመጥን ይሁን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የመሰለ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ክረምት ጨርሰህ ና ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ልጁን ከንባብ ማራቅ ነው። በአንጻሩ 240 ገጽ ያለው መጽሐፍ ለ8 ሳምንት ቢከፋፈል በሳምንት 30 ገጽ ይደርሳል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለሚያነብ ልጅ በቀን 6 ገጽ ብቻ ነው። ጠዋት በቡና ማሳ አረም ሲያርም የሚውል ተማሪም ይህን ያህል ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ በቀን ብርሃን፣ ሊያነብ ይችላል።

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ጥያቄው ነው። «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ካለፈው ዓመት ተማሪ ደብተር ወይም ከቴሌግራም እንዲገለብጡ መጋበዝ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ግሩም አድርጎ የተረከውን ሥራ ያዳመጠ ልጅም ታሪኩን አሳምሮ ሊነግረን ይችላል፤ ማዳመጡ የሚደገፍ ቢሆንም ከገጹ ጋር መታገልን አይተካም። ስለዚህ ተማሪው በየሳምንቱ ቆም ብሎ ያሰበበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ከነገጹ ቁጥር ይገልብጥ፤ ለምን እንደመረጠውም በራሱ ቃል ግማሽ ገጽ ይጻፍ። አንዱ ገጸ ባሕርይ የወሰደውን ውሳኔ እርሱ ቢሆን ኖሮ ይወስደው እንደነበር ከነምክንያቱ ያስረዳ።

ከእነዚህ በተጨማሪ አጥብቄ የምመክረው አንድ ሥራ አለ። አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ብዙ ተማሪዎች ስላሉን፣ ልጁ ያነበበውን ምዕራፍ ለእናቱ፣ ለአባቱ ወይም ለአያቱ በቤቱ ቋንቋ እንዲተርክና የሰጡትን አስተያየት በአማርኛ ጽፎ እንዲያመጣ እንዘዘው። ታሪኩን በሌላ ቋንቋ ለመናገር በቅድሚያ በደንብ መረዳት ግድ ስለሚል፣ ሳያነብ ሊያልፈው አይችልም፤ ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም በልጃቸው ትምህርት ተካፋይ ይሆናሉ።

በመስከረም ደብተሮቹን ሰብስቦ መደርደሪያ ላይ ማኖር የልጆቹን ድካም ከንቱ ያስቀራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ተማሪዎቹ የመረጧቸውን ዓረፍተ ነገሮች ለሚያነቡበትና ለሚከራከሩበት ውይይት ይዋሉ። ነጥቡም በአብዛኛው በዚህ ውይይት ላይ በሚሰጡት ማብራሪያ ይያዝ። መጽሐፉን ያላጋመሰ ልጅ ካለ፣ ዜሮ ከመስጠት ይልቅ የቀረውን እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንዲያነብ ቀነ ገደብ ይቆረጥለት።